ስልሳና ሰላሳ በቆርቆሮ ጣራ ሥር



ዝናቡ ሳይመጣ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ቀደመኝ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጉዳይም ይኸው ነው፦ በጫጫታ መሀል የተነገረን ቃል ሰው እንዴት ይሰማል? ሰሚው ማሽን ሲሆንስ?

ከትናንት በስቲያ እዚሁ ከፋ፣ ቢታ ገነት ከተማ ከአንድ የቡና መደብር ደጃፍ ተጠልዬ ሳለሁ ጀንፈል፣ ማለትም ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሊሸጡ ከገጠር የመጡ አንድ አባት አገኘሁ። ጆንያቸው ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዷል፤ ስልሳ ኪሎ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ስልኬ ላይ ስለነበር ፈቃዳቸውን ጠይቄ እንዲናገሩበት አደረግሁ። መጀመሪያ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት መደብሩ ውስጥ ገባ ብለን "ስልሳ ኪሎ ጀንፈል አለኝ" አሉ። ስልኩ ጻፈ፤ አንድም ፊደል አልሳተም። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያንኑ ቃል፣ በዚያው ስልክ ላይ ደገሙልኝ። አሁን የወጣው ጽሑፍ "ሰላሳ ኪሎ" የሚል ነው። አነበብኩላቸው። ጆንያቸውን አዩ፣ ስልኩን አዩ፤ ከዚያ "ግማሹ የት ሄደ?" አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ ያሉ የድምፅ ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ ነው። እኔም የዛሬውን ንግግሬን ለእርሳቸው መልስ እንዲሆን አዘጋጅቼዋለሁ።

ስልክ የሰውን ድምፅ ሲቀበል መጀመሪያ ይከታትፈዋል። አንዱ ቁራጭ 25 ሚሊ ሰከንድ ያህል ርዝመት አለው፤ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ አዲስ ቁራጭ ይነሳል። ስለዚህ እኔ "ቡና" ብዬ አፌን እስክገጥም ድረስ ማሽኑ በርካታ ቁራጮችን ሰብስቧል። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በተደራረበ ወንፊት ይነፋዋል፦ ወፍራሙ ድምፅ በአንዱ ይቀራል፣ መካከለኛው በሌላው፣ ቀጭኑ በሦስተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። በየወንፊቱ ምን ያህል ጉልበት እንደቀረ ይመዘግብና ያንን መዝገብ ከዚህ በፊት ከተማራቸው ድምፆች ጋር ያስተያያል። ወንፊቱ የሚለካው ጉልበትን ብቻ ነው። ጉልበቱ ከሰው ጉሮሮ ይምጣ፣ ከወፍጮ ይምጣ፣ ከሰማይ ይውረድ፣ ለእርሱ አንድ ነው።

አሁን እባካችሁ ሁላችሁም በዝግታ "ስልሳ" በሉ። ደግሞ "ሰላሳ" በሉ። ሁለቱም በ"ሰ" ይነሳሉ፤ "ለ" ይከተላል፤ "ሳ" ይዘጋቸዋል። ዋናው መለያቸው መሀል ላይ ያለችው ፊደል "ል" ወይም "ላ" መሆኗ ነው። "ሰ" ደግሞ ጉሮሮ የማይነዝርበት፣ በጥርስና በምላስ መሀል የሚያፏጭ አየር ነው። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ "ስስስ" ብትሉ ምንም አይንቀጠቀጥም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉንም ወንፊት በአንድ ጊዜ የሚሞላ ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያሰጥመው እንደ "ሰ" ያለውን ደካማ ፉጨት ነው። እንግዲህ "ስልሳ" ከሚለው ውስጥ ሁለተኛዋ "ሰ" ብትሰጥም ምን ይቀራል? "ል" እና "አ" ተገናኝተው "ላ" ይሆናሉ። ማሽኑ "ላ" ሰማሁ ብሎ በሚያውቀው ቃል ይሞላዋል፤ ሰላሳ ይላል። የአባታችን ግማሽ ጆንያ የሄደው እዚያች ፉጨት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ የሚጠብቃቸው ፊደሎቻችን ብዙ ናቸው። "ከበረ" እና "ቀበረ"ን ውሰዱ። "ቀ"ን "ቀ" የሚያሰኛት ከፍንዳታዋ በፊትና በኋላ ያለችው ኢምንት ጸጥታ ናት። ጫጫታ ጸጥታን ይሞላል። ጸጥታዋ ከተሞላች "ቀ" ወደ "ከ" ትጠጋለች፤ የከበረውን ሰው ማሽኑ ሊቀብረው፣ የተቀበረውን ሊያከብረው ይችላል። ጠ፣ ጨ፣ ጸም ተመሳሳይ ናቸው።

ሰው ለምን አይሳሳትም? ይሳሳታል፤ ግን ብዙ መደገፊያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሰዎች በተደበላለቀ ወሬ መሀል የአንዱን ሰው ንግግር እንዴት ለይተው እንደሚከተሉ በሙከራ አጠና። ሁለት ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፤ ዓይናችን ከንፈር ያያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገሩን እናውቀዋለን። የመደብሩ ባለቤት ጆንያውን ስላየ "ሰላሳ" የሚል ድምፅ ቢሰማ እንኳ አያምንም ነበር። ስልኩ ጆንያ አላየም።

ባለሙያዎች የንግግሩን ጉልበት ከጫጫታው ጉልበት ጋር በዲሲቤል ያነጻጽሩታል። ልዩነቱ 20 ዲሲቤል ነው ሲባል ንግግሩ በኃይል 100 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ 10 ሲባል 10 እጥፍ፤ ዜሮ ሲባል እኩል ለእኩል። ከዜሮ በታች ከወረደ ጫጫታው አሸንፏል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሰለጠነ ማሽን 20 ላይ ደህና ይሰማል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይወድቃል። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እኔና ዝናቡ ስንት ላይ እንዳለን እናንተ ፍረዱ።

ታዲያ ምን ተሞከረ? እ.ኤ.አ. በ1979 ስቲቨን ቦል የተባለ አሜሪካዊ ያቀረበውን ዘዴ ቡና የሚመዝን ሁሉ ያውቀዋል። ቡናውን ከነጆንያው ትመዝናላችሁ፤ ከዚያ የባዶውን ጆንያ ክብደት ትቀንሳላችሁ። ቦልም እንዲሁ አለ፦ ሰውየው ትንፋሽ ሲወስድ ዝም በሚልባት ቅጽበት የጫጫታውን ጉልበት በየወንፊቱ ለኩ፤ ሲናገር ደግሞ ያንን ቀንሱ። ጫጫታው እንደ ወፍጮ ሞተር ሳይለዋወጥ የሚያጓራ ከሆነ ዘዴው ይሠራል። የኛ ዝናብ ግን አንዴ ያካፋል፣ አንዴ ይወርዳል፣ መለስ ብሎ በረዶ ይቀላቅላል፤ እየተመዘነ ክብደቱን የሚለዋውጥ ጆንያ ነው። ትንሽ አብዝታችሁ ከቀነሳችሁ ቡናውን ትነኩታላችሁ፤ አሳንሳችሁ ከቀነሳችሁ ጆንያው ይቀራል። የተረፈው ቅንጥብጣቢ ደግሞ እንደ ቃጭል የሚንቃጨል እንግዳ ድምፅ ይፈጥራል፤ ከዝናቡ ብሶ ጆሮ የሚያውክበት ጊዜ አለ። ለሰው ጆሮ ደስ እስኪል የጸዳ ድምፅ ለማሽን የባሰ ሆኖ መገኘቱም የተለመደ ነው፤ አጣቢው ከቆሻሻው ጋር የቃሉን ጠርዝ ይዞት ይሄዳልና።

ሁለት ማይክሮፎን መጠቀምም አንድ መንገድ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ወደ አንዱ ማይክሮፎን በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዚያች መዘግየት ተናጋሪው በየት በኩል እንዳለ ማወቅና ወደዚያ ማድላት ይቻላል። ዛሬ ብዙ ስልኮች ይህን ያደርጋሉ። ከአናት ላይ ከየአቅጣጫው ለሚወርድ ዝናብ ግን ብዙ አይረዳም።

የተሻለው መንገድ ማሽኑን ከነጫጫታው ማስተማር ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2000 አውሮፓ ውስጥ አውሮራ የተባለ መፈተኛ ተዘጋጀ። ተመራማሪዎች ቁጥሮችን የሚጠሩ ሰዎችን ድምፅ ወስደው ጫጫታ ቀላቀሉበት፦ የባቡር፣ የመኪና፣ የምግብ ቤት፣ የመንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የብዙ ሰው ወሬ። ከዚያም ከ20 ዲሲቤል ጀምረው ከዜሮ በታች እስከ 5 ድረስ እያወረዱ ፈተኑ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ማሽኖቻቸውን በዚህ መዘኑ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ቻይም የተባሉት ተከታታይ ውድድሮች የእንግሊዝን መኖሪያ ቤት፣ አውቶቡስና ካፌ፣ በ2018 ደግሞ የወዳጆችን የእራት ግብዣ ይዘው መጡ። እነዚህን ሥራዎች አከብራለሁ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሁሉ በእነርሱ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ደግማችሁ ስሙት። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለበት? የእህል ወፍጮ አለበት? የገበያ ቀን የከብት ድምፅ፣ ባጃጅ፣ ጄኔሬተር? የለበትም። እነርሱ የቀዱት የሚኖሩበትን ጫጫታ ነው፤ ትክክልም ናቸው። የኛን መቅዳት የኛ ፈንታ ነው።

በአገራችን ሥራው ከተጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰሎሞን ብርሃኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነጠላ የአማርኛ ክፍለ ቃላትን የሚለይ የመመረቂያ ጥናት ሠራ። በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ከሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ቮልፍጋንግ ሜንዝልና ከታሪክ ምሁሩ ባይሩ ታፍላ ጋር ሆኖ የ100 ሰዎችን ንባብ የያዘ፣ 20 ሰዓት ያህል የሚረዝም የአማርኛ ድምፅ ክምችት ለዓለም አቀረበ። ዶክተር ማርታ ይፍሩ የአማርኛ ቃል በቅጥያ እየተባዛ ማሽኑን እንዴት እንደሚያስቸግር አጠናች። በ2020 ደግሞ ሁለቱም የተሳተፉበት የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛና የወላይትኛ ክምችት ይፋ ሆነ። ይህን ሁሉ የሠሩት በጥቂት ገንዘብና በብዙ ልፋት ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የተሰበሰበው ግን በአመዛኙ ንባብ ነው። ሰው ተረጋግቶ ተቀምጦ ከወረቀት ያነባል። እርሻ ማሳ ላይ ማንም ከወረቀት አያነብም።

ከነጫጫታው የተቀዳ አማርኛ በብዛት ከተፈለገ የሚጠቀሰው ባቤል በተባለ የአሜሪካ የስለላ ምርምር ተቋም ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የተሰበሰበው የስልክ ንግግር ነው፤ ወደ 200 ሰዓት ይደርሳል። ከአዲስ አበባ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ የመጡ ሰዎች ከመንገድ ላይ፣ ከቤት፣ ከመኪና ውስጥ ተነጋገሩ። የኛን መንገድ ጫጫታ ለማዳመጥ ቀድሞ የተጋው ሌላ አገር መሆኑ እኔን ያሳስበኛል፤ እናንተንም እንዲያሳስባችሁ ስለምፈልግ ነገርኳችሁ። ከከፋ የተቀዳ ድምፅም በተጠቀሱት አካባቢዎች ውስጥ የለም።

"አሁን እኮ ሁሉን የሚሰሙ ትልልቅ ፕሮግራሞች መጥተዋል" የሚል ወጣት እዚህ መሀል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው ከኢንተርኔት በተሰበሰበ 680,000 ሰዓት ድምፅ ሰልጥኗል፤ በጫጫታ ውስጥ ያለው ጥንካሬም ከዚህ ብዛት የመጣ ነው። ከዚያ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ 96 ቋንቋዎች የደረሰው 117,000 ሰዓት ያህል ነው፤ ከእርሱም ለአማርኛ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛን በአውሎ ነፋስ ውስጥ የሚሰማ ማሽን አማርኛን በጸጥታ ክፍል ውስጥ ሲያደናግር ብታዩ አይግረማችሁ። ብልሃቱ አንድ ነው፤ ያልተመገበው ቋንቋው ነው።

"እንግዲያው ጸጥ ባለ ክፍል የተቀዳውን ንባብ ወስደን ዝናብ ለብቻው ቀድተን ብንቀላቅለውስ?" ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይደረጋልም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲናገር ሳያስበው ድምፁን እንደሚለውጥ አስተዋለ። ይጮኻል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አናባቢውን ይጎትታል። ከትናንት በስቲያ አባታችን ሁለተኛውን "ስልሳ" ሲሉ እንደ መጀመሪያው አላሉትም፤ ገትረው፣ ስበው ነው ያሉት። በጸጥታ የተነገረ ቃል ላይ ዝናብ ብትደፉበት ዝናብ ውስጥ የተነገረ ቃል አይሆንም።

ይህ ለኛ ቋንቋዎች ከሌላው ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል። በአማርኛ ርዝመት ትርጉም ነው። "ገና" ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አይጽፈውም። በካፊቾ ሕዝብ ቋንቋ በካፊ ኖኖም አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም የራሱ ድርሻ አለው። የቋንቋውን ስም እንኳ በላቲን ፊደል ስትጽፉ "ኖኖ" የሚለው ላይ አናባቢዎቹን የምትደግሙት ለዚህ ነው። ኖኖ አፍ ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እንግዲህ ተናጋሪው በጫጫታ ምክንያት አናባቢውን ሲጎትት፣ ከፍታውን ሲለውጥ፣ ማሽኑ የትኛው ርዝመት የትርጉም፣ የትኛው የጩኸት መሆኑን በምን ይለይ? የሚለየው በጩኸት የተነገረ ካፊ ኖኖ በብዛት ሰምቶ ከሆነ ብቻ ነው። ያንን ከካፊቾ በቀር ማን ሊያሰማው ይችላል?

ነገሩ ለምን አጣዳፊ እንደሆነ ደግሞ ልናገር። የኢትዮጵያ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. 8028 የሚባለውን ነጻ የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፣ ቁልፍ እየተጫነ ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ ምክር ይሰማል። ትልቅ ሥራ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ገበሬው ቁልፍ ከመጫን ይልቅ ጥያቄውን በቃሉ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ ቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር ለማይለዩ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ስለ ስልክ አንድ ነገር እወቁ። ተራው የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያሳልፋል። የ"ሰ" ፉጨት አብዛኛው ጉልበት ያለው ከ4,000 በላይ ነው። ስለዚህ "ሰ" ዝናብ ባይዘንብም በስልክ መስመር ላይ ቆስላ ነው የምትደርሰው፤ ዝናብ ሲጨመርበት ትሞታለች። ስልሳና ሰላሳ የማይለይ መስመር ላይ የማዳበሪያ መጠን የሚጠይቅ ገበሬ፣ የመድኃኒት መጠን የምትጠይቅ እናት ብታስቡ ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ይገባችኋል።

ከፋ ደግሞ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ደናችን የቆመው በዚህ ዝናብ ነው፤ ቡናችን፣ ኮረሪማችን፣ እንሰታችን፣ ማራችን ከእርሱ ነው። ዝናብ እስኪያባራ ጠብቆ የሚሰማ ማሽን ለዚህ አገር አይሆንም። እዚህ የሠራ ግን የትም ይሠራል፤ ቢታ ገነት ከዚህ ሥራ ዳር ሳትሆን መሀል መሆን አለባት የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። መምህራንና ተማሪዎች፣ ከዜሮ እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች፣ የሰብልና የከብት ስሞችን፣ የበሽታ ምልክቶችን በካፊ ኖኖና በአማርኛ አስነግራችሁ ቅዱ። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ፣ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ እየወረደ ይድገመው። ስልኩ አንዴ አፍ ጋ፣ አንዴ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ማንም ሳይናገር ጫጫታውን ብቻውን 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ባዶውን ጆንያ ለመመዘን ያስፈልጋል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በትክክል ጻፉ። ጽሑፉ ከቀረጻው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ታገሡት፤ የማይጻፍ ድምፅ ማሽን አያስተምርም። አዛውንቶችን፣ ሴቶችን፣ ሕፃናትን አትዝለሉ። ማንንም ሳታስፈቅዱ አትቅዱ፤ ድምፅ የሰው ንብረት ነው፤ ለምን እንደሚውል አስረድታችሁ፣ እምቢ ያለውን አክብራችሁ። የተሰበሰበው ቦንጋ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ፣ በሕዝቡ ስም ይቀመጥ እላለሁ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበን መልሱን አብረን እንከታተል።

የፊታችን የገበያ ቀን ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። አባታችንም እመጣለሁ ብለዋል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ ዝናብ ቢጥልም አንበተንም።